ዜሮ ያልተባለው ሰሃን

ኦቶሪኖ ብራካሌንቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግድግዳ የሚለስን ሰው ነበር፤ እሁድ ግን ዳኛ ነው። በቶሬኩፓ የተኩስ ሜዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኝቷል። ልስኑን ማንም ሊያማው ይችላል፤ የእኔ ሥጋ ቤት ጣሪያ ራሱ እሱ ከለሰነው በኋላ ሁለት ጊዜ ተሰንጥቋል። ዳኝነቱን ግን የሚያማ አልነበረም። ካለም ቡና ቤት ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነበር የሚያማው።

እኔ ሴስቲልዮ እባላለሁ፤ የመንደሩ ሥጋ ሻጭ ነኝ። የተኳሽነቴን ነገር ባናነሳው ይሻላል፤ ከሃያ አምስት ሰሃን አሥራ ሦስቱን የመታሁ ቀን ለባለቤቴ አበባ ገዝቼ ነበር የምገባው። ስለዚህ በጊዜ ጠመንጃዬን ሰቅዬ የጎን ዳኛ ሆንኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከኦቶሪኖ በስተቀኝ ባለችው ወንበር ተቀመጥኩ። ስለ እሱ መናገር የሚገባው ሰው ካለ እኔ ነኝ። እየተናገረም ማፈር ያለበት እኔው ነኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ተኳሹ ይጮሃል፤ ከፊቱ ካለው ጉድጓድ ብርቱካንማ የሸክላ ሰሃን ተወርውሮ ይወጣል፤ ይተኩሳል። ከሰሃኑ ላይ በዓይን የሚታይ ስባሪ፣ የጥፍር ታህልም ብትሆን፣ ከወደቀች ተመቷል። አቧራ ብቻ ከቦነነ አልተመታም። የጥይቱ እርሳስ ሰሃኑን እንደ ወንፊት በስቶት ሰሃኑ ሳይሰበር መሬት ቢያርፍም አልተመታም። ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሰሃን አንስቶ «ይኸው ቀዳዳው!» ማለት ደግሞ ክልክል ነው። የሚቆጠረው ዳኛው በዚያች ቅጽበት ያየው ብቻ ነው። ካልተመታ «ዜሮ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከተመታ ዝም ይላል።

የእኛ የሁለታችን የጎን ዳኞች ሥራ አንዲት ነገር ናት። ያየነው ዳኛው ከወሰነው ከተለየ ወዲያው እጃችንን እናነሳለን። ዳኛው መጥቶ ይጠይቀናል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የእሱ ነው። ቀጣዩ ተኳሽ ከተኮሰ በኋላ ያለፈው አለፈ።

ኦቶሪኖ አድልዎ አያውቅም። አንድ ጊዜ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በውድድር ዋዜማ አንድ ሙሉ የበግ አይብ ላከለት። ኦቶሪኖ ሳያቅማማ ተቀበለ። በማግሥቱ ሜዳው ላይ በቢላ ቆራርጦ ለሁላችንም አበላን፤ ለሰውየውም ለራሱ ሰጠው። ከዚያ ሦስት ጊዜ «ዜሮ!» አለው።

«አይቤን በልተህ?» አለ ሰውየው።

«አይቡ ጥሩ ነው። ጨው ያነሰው ተኩስህ ነው» አለው።

በውድድር ቀን ምሳውን ከማንም ጋር አይበላም። መኪናው ውስጥ፣ በኖራ ከረጢቶቹ መካከል ተቀምጦ፣ ሚስቱ የጠቀለለችለትን የእንቁላል ዳቦ ብቻውን ያኝካል። «ከሰው ጋር ከበላሁ ዓይኔ ይለሰልሳል» ይል ነበር። እኛ ጠረጴዛ ከበን ወይን እየቀዳን ስንሳሳቅ እሱ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ መነጽሩን ይወለውላል። አንዳንዴ አዝንለት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እኮራበት ነበር። እንዲህ ያለ ዳኛ የእኛ መንደር ብቻ ነው ያለው እያልኩ ለእያንዳንዱ የጥጃ ሥጋ ገዢ እሰብክ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ ነው። በዚያ ቀን በየዓመቱ ከቫልፍሬዳ መንደር ጋር ለአንድ ዋንጫ እንተኩሳለን። ዋንጫው ቆርቆሮ ነው፤ ዳሩ ግን ቡና ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥና ሲጠፋ የመንደሩ ፊት ይለያያል። ጠዋት አካፍቶ ስለነበር ሰማዩ እንደ አመድ ሆኗል። ማምሻው ላይ ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ይዘው ቀሩ። አንደኛው የእኛው ዶራንዶ ነው፤ የትራክተር መካኒክ፣ እጁ ግራሶ፣ ምላሱ ምላጭ። ሁለተኛዋ የቫልፍሬዳዋ ኢልቫ ናት፤ ጫማ ፋብሪካ የጫማ ቆዳ የምትሰፋ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በአንድ በአንድ ሰሃን ብቻ ተሸንፋ የሄደች።

እኩል የሆኑ ሰዎች ተራ በተራ አንድ አንድ ሰሃን ይተኩሳሉ። አንዱ መትቶ ሌላው ከሳተ ያበቃል።

ዶራንዶ ጀመረ። ሰሃኑ ወደ ቀኝ፣ ወደ እኔ አቅጣጫ ወጣ። ተኮሰ። ብርቱካንማ ነገር ከአየር ላይ ተገለባብጦ ወደቀ። ኦቶሪኖ ዝም አለ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከጥይት ቀለህ ውስጥ ከእርሳሱ ጋር አብሮ የሚወጣ የፕላስቲክ ውታፍ አለ። ሁልጊዜ ነጭ ነበር፤ ዶራንዶ በዚያ ሳምንት የገዛው አዲስ ጥይት ግን ውታፉ ብርቱካንማ ነው። ዓርብ ዕለት ቡና ቤት ውስጥ አንዱን ፈትቶ «እየው፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሏል» ብሎ አሳይቶኝ ነበር። የወደቀው እሱ ነው። ሰሃኑ ሳይነካ፣ ሙሉ ክቡን እንደያዘ፣ ከፖፕላር ዛፎቹ ሥር ሳሩ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እጄ አልተነሳም። ጉልበቴ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ዶራንዶ የእኛ ስለሆነ ነው ብዬ ብናዘዝ ቀላል ነበር፤ እሱም ትንሽ አለበት፣ አልዋሽም። ዋናው ግን ሌላ ነው። ኦቶሪኖ ዝም ካለ አንድ ነገር አይቷል፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የገዛ ዓይኔን ትቼ እሱን አመንኩ።

ቀጥላ ኢልቫ ተኮሰች። ከሰሃኑ ላይ ቀጭን አቧራ ቦነነ፤ ስባሪ ግን አልወደቀም።

«ዜሮ!» አለ ኦቶሪኖ።

ኢልቫ ውሳኔው እንዲጣራላት እጇን አነሳች። ኦቶሪኖ እንደ ደንቡ በመጀመሪያ በግራ ወንበር ላይ ወዳለው ወደ ኩዊንቶ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «አቧራ ነው» አልኩት፤ እውነት ነበር። ኢልቫ ጠመንጃዋን ከወገቡ ከፍታ ቀለሁን አወጣች። የእኛ ሰዎች ጮኹ፤ አንዱም መለከት ነፋ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

ኦቶሪኖ የውጤቱን ወረቀት ይዞ ወደ እኔ ተመለሰ። ገና አልፈረመም።

«የዶራንዶ ሰሃን» አለኝ፤ «ምን አየህ?»

«አንተ ያየኸውን።»

«እኔማ የወደቀ ነገር አየሁ። ዓይኔ እሱን ሲከተል ሰሃኑ ጠፋብኝ። አሁን ከዶራንዶ ጎን ሳልፍ መሬት ላይ የወደቀ ቀለሁን አየሁት፤ አዲስ ጥይት ነው። ውታፉ ምን ዓይነት ነው?»

«ኦቶሪኖ፣ አልቋል እኮ። ተዋት።»

«ጠየቅኩህ፣ ሴስቲልዮ።»

ሥጋ ቤት ውስጥ ሚዛን ላይ አውራ ጣቴን አድርጌ አላውቅም፤ በዚህ እምላለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን አውራ ጣቴ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ተሰማኝ። «ብርቱካንማ ነው» አልኩት። «የወደቀው ውታፍ ነው። ሰሃኑ ሙሉ ነበር።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ታዲያ እጅህ?»

«አንተ ስለሆንክ ነው። አንተ አትሳሳትም አልኩ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እንዲህ የሚያም ነገር ግን የነገረኝ ሰው የለም። እኔ በስድስት ዓይን የማይ መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻዬን ነው የቆምኩት።»

ቀጥ ብሎ ዋንጫው ወዳለበት ጠረጴዛ ሄደ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ንግግሩን ጀምሮ ነበር፤ ኦቶሪኖ ማይክራፎኑን ከእጁ ወሰደበት። «ተሳስቻለሁ» አለ። «ዶራንዶ አልመታም። ዜሮ ማለት ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። ሁለቱም ስተዋል ማለት ነው፤ ይቀጥላሉ።»

ሜዳው ተናወጠ። ሊቀመንበሩ «ደንቡ አይፈቅድም! ቀጣዩ ተኩሷል፣ አበቃ!» እያለ ተወራጨ። እውነቱን ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም።

«ልክ ነህ» አለው ኦቶሪኖ። «ደንቡ ወረቀቱ ላይ እንድፈርምም አያስገድደኝም። ሁለቱ ከተስማሙ ይተኩሳሉ፤ ካልተስማሙ ዋንጫው ያለ ፊርማ ይሂድ።»

ሁሉም ወደ ዶራንዶ ዞረ። ያ ምላሳም ሰው ቆቡን እያሻሸ መሬት መሬት አየ። «እኔ መሳቴን አውቄ ነበር» አለ። «ዜሮ እስክትለኝ ስጠብቅ ዝም አልክ። እኔ ያላየሁትን አይቷል አልኩ። ሰውዬ፣ አንተ ዝም ስትል እኮ ሰው ራሱን ይጠራጠራል!»

ኢልቫ ብቻ ሳቀች። «ሲኞር ኦቶሪኖ፣ እኔ አቧራዬን አቧራ ብለውኛል፣ ልክ ነዎት» አለች። «ግን ከጠሩኝ እተኩሳለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ኦቶሪኖ መስመሩ ላይ ከመቆሙ በፊት ወደ ወንበሬ መጥቶ ጎንበስ አለ። «የምፈልገው ዓይንህን እንጂ አክብሮትህን አይደለም» አለኝ።

ዶራንዶ ተኮሰ፤ ሰሃኑ ተፈረካክሶ እንደ ዱቄት ብን አለ። ኢልቫ ጮኸች፤ የእሷ ሰሃን ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ከነፈ። ተኮሰች።

«ዜሮ!»

እኔ ግን ከታችኛው ጠርዝ አንዲት ቁራጭ፣ ከምስር ብዙም የማትበልጥ፣ ተፈናጥራ ስትወድቅ አየሁ። የኦቶሪኖ ቦታ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሰሃኑ ራሱ ይሸፍናታል። ከኋላዬ የመንደሬ ሰዎች መጮህ ጀምረዋል፤ ዋንጫው መደርደሪያው ላይ ነው ማለት ነው። እጄ እንደ እርሳስ ከበደኝ። አነሳሁት።

በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር። ጩኸቱ ቀጥ አለ፤ አንዱ «ሥጋ ሻጩ ምን ሆነ?» ሲል ሰማሁ። ኦቶሪኖ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ስባሪ ነው» አልኩት። «ከታች፣ በቀኝ ጠርዝ በኩል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደዚህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጀርባዬ ላይ ድንጋይ ሳይወረወርብኝ ወስን።»

ዞሮ በሙሉ ድምፁ «ተመቷል!» አለ። የዶራንዶን እናት ሳይቀር ያስቆጣ ውሳኔ ነው። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ሸክሙን ሰው እንዳገዘው ሰው ትከሻው ወረደ። ከሁለት ሰሃን በኋላ ዶራንዶ ሳተ፤ ዋንጫው ቫልፍሬዳ ሄደ። ለሦስት ሳምንት ግማሹ መንደር ሥጋ ከሌላ ቦታ ይገዛ ነበር። ሊቀመንበሩማ እስከ ገና ድረስ ሰላምታ ነስቶኛል፤ አልጎዳኝም፣ ሁሌም ስቡን አውጣልኝ የሚል ነዝናዛ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያን ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ኦቶሪኖ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

«ከዛሬ በፊትስ ስንት ጊዜ?» አለኝ።

«ምን ስንት ጊዜ?»

«ታውቃለህ።»

ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። አንድ ጊዜ ዝም ያለ ሰው ሁለተኛው አይከብደውም። ሌላ ሰው ቢሆን አንድም ጊዜ አላጋጠመም እለው ነበር። ለእሱ ግን መዋሸት አቃተኝ። «በእርግጠኝነት የማስታውሰው ሦስት ጊዜ ነው» አልኩ። ስማቸውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የኖራ መዝገቢያ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጻፈ። «አንተም ትመጣለህ» አለ፤ «የሳተው ዓይን የእኔ ነው፣ ያልተነሳው እጅ ግን ያንተ ነው።»

በዚያው ዓመት የብርድ ወራት ሦስቱም ቤት ሄድን። የመጀመሪያው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ነገሩ ጨርሶ ጠፍቶበታል። «ከዚያ ወዲህ እኮ ስንት ስቻለሁ! በእሱ ልጀምር?» ብሎ ሳቀና ወይን ቀዳልን። ሁለተኛው ደፉ ላይ እንደቆምን አዳመጠን፤ ከዚያ ኦቶሪኖን ሳይሆን እኔን አየና በሩን በፊታችን ዘጋ። ልኬን አገኘሁ፤ ቅር አላለኝም።

ሦስተኛው አዴልሞ የሚባል የመቃብር ቦታ ዘበኛ ነበር። እንደ እኔ ተራ ተኳሽ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ እሁድ፣ እግዜር በምን ምክንያት እንደሆነ እንጃ እጁን ባረከለትና ሃያ አራት ከሃያ አራት መታ። ሃያ አምስተኛውን ተኩሶ ኦቶሪኖ «ዜሮ!» አለው። እኔ ስባሪ አይቻለሁ። አዴልሞ እጁን አነሳ፤ ኦቶሪኖ መጥቶ ጠየቀኝ፤ እኔም «አንተ እንዳልከው ነው» አልኩት። ለእያንዳንዱ ተኳሽ በዕድሜው አንዴ ብትመጣ ነው እንዲህ ያለች ቀን፤ ለአዴልሞ ሁለተኛ አልመጣችለትም። እኛ ከመሄዳችን በፊት በነበረው የካቲት ሞቶ ነበር።

በሩን ሚስቱ አርጂያ ከፈተችልን። ወጥ ቤት አስገብታ አስቀመጠችን። ኦቶሪኖ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ሳይጨምር አንድ ሳይቀንስ ነገራት። እኔም የእኔን ነገርኳት።

አርጂያ እጆቿን በጨርቅ ጠረገች። ጠርጋ ከጨረሰችም በኋላ መጥረጓን አልተወችም።

«እሁድ እሁድ፣ ሾርባው ሲቀርብ» አለች፤ «"ሃያ አምስት ነበር፣ አርጂያ" ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ኦቶሪኖ ዜሮ ካለ ዜሮ ነው፤ ሾርባህን ብላ" እለዋለሁ። በስድስተኛው ዓመት ይሁን በሰባተኛው፣ መናገር ተወ። የረሳው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ሲኞራ አርጂያ…» አለ ኦቶሪኖ።

«አንተን አይደለም የምቆጣው። አንተ እሁድ እሁድ ማዕዴ ላይ አልነበርክም» አለችው። ወንበር ስባ ከፊታችን ተቀመጠች። «ያ ሰሃን ወዴት ነበር የወጣው?»

ኦቶሪኖ አሰበ፤ አሰበና አላስታውስም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ትዝ ይለኛል። «ወደ ግራ» አልኳት፤ «ከፍ ብሎ ወደ ግራ። ከላይኛው ጠርዙ ነው የተሸረፈው።»

«አዎ» አለች አርጂያ። «እሱም ወደ ግራ ነበር የሚለኝ።»